ስድስት ጓደኛሞች፣ አንድ ሳምንት በፕሮቫንስ፦ እንቁጣጣሽን እዚያው ለማሳለፍ

የፍራንክፈርቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስድስት ጓደኛሞች ነን፤ ሦስታችን ከፍራንክፈርት፣ ሁለቱ ከስቶክሆልም፣ አንዱ ከለንደን። ለ2019 እንቁጣጣሽ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ፕሮቫንስ ውስጥ ቤት ተከራይተን አንድ ሳምንት ማሳለፍ እንፈልጋለን። ፓሪስ አንሄድም፣ ከሙዚየም ሙዚየም መሮጥም አላማረንም። ገበያ መውጣት፣ አብሮ ማብሰል፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ መጫወት ነው ሐሳባችን። ያሰብነው ከቅዳሜ ሴፕቴምበር 5 እስከ ቅዳሜ ሴፕቴምበር 12፣ 2026 ነው። የት ብንከራይ ይሻላል? መኪና ግድ ነው? የለንደኑ ልጅ የሚጓዘው በኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው፤ ምን ምን ማሟላት አለበት? ሁለቱ ጓደኞቻችን ረቡዕና አርብን ይጾማሉ።

ሉበሮን፦

በመጀመሪያ ጉዞውን በአንድ ቀን ግፉት። መስከረም 1 ቀን 2019 አርብ ነው የሚውለው። እንቁጣጣሽ የአርብን ጾም ስለማያስቀር ዶሮው ለቅዳሜ ይተላለፋል፤ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ደግሞ ቤቱን አስረክባችሁ ልትወጡ ነው። ከእሑድ 6 እስከ እሑድ 13 ብታደርጉት ቅዳሜ ሙሉ ቀን የእናንተ ይሆናል። በጁላይና በኦገስት አከራዮች ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ካልሆነ እሺ አይሉም፤ በሴፕቴምበር ግን የፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች ስለሚከፈቱ ብዙዎቹ ይደራደራሉ። በጽሑፍ ጠይቋቸው። (ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቦታውን ሉበሮን የሚባለው የፕሮቫንስ ኮረብታማ አካባቢ አድርጉት፣ በተለይ አፕት ከተማ አካባቢ። ቦኒዩ፣ ሩሲዮንና ጎርድ የሚባሉት መንደሮች ሁሉም ከዚያ ግማሽ ሰዓት ገደማ መንገድ ናቸው። አፕት ራሷ ሱፐርማርኬትም ሆስፒታልም አላት። ቤቱ ኮረብታ ላይ ካለ መንደር መሃል ቢሆን ፎቶው ያምራል፣ መኪና የምታቆሙት ግን ታች ነው፤ ውሃና አትክልት ተሸክሞ ዳገት መውጣት በሦስተኛው ቀን ያስመርራል። ከመንደሩ ትንሽ ወጣ ያለ፣ ግን ወደ ዳቦ ቤት በእግር የሚያስኬድ ቤት ፈልጉ። ለስድስት ሰው ሦስት መኝታ ቤት ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት መታጠቢያ ይኑረው።

ሰዎች ሳያነቡ የሚያልፉት ውሉን ነው። ቀብድ ስትከፍሉ ወረቀቱ ላይ «አር» ይላል ወይስ «አኮምት»? ይህ በፈረንሳይ ሕግ ትልቅ ልዩነት አለው። «አር» ከሆነ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ የምታጡት ቀብዱን ብቻ ነው፣ አከራዩ ቢሰርዝ ደግሞ እጥፉን ይመልስላችኋል። «አኮምት» ከሆነ ግን ውሉ ጸንቷል፤ ብትቀሩ እንኳ ሙሉውን ኪራይ ሊጠይቃችሁ ይችላል። የቪዛ መልስ የሚጠብቅ ሰው አብሯችሁ ስላለ «አር» የሚለውን ምረጡ። ቀጥሎ አንሶላና ፎጣ በዋጋው ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ፣ ብዙ ጊዜ የለም። የጽዳት ክፍያውን፣ በሰውና በሌሊት የሚታሰበውን የማዘጋጃ ቤት የቱሪስት ግብርና የመያዣውን መጠንም አብራችሁ ጠይቁ። ቁልፍ ስትቀበሉ የዕቃውን ዝርዝር ይዛችሁ እያንዳንዱን ክፍል እዩ፤ የተሰነጠቀ ሳህን ካለ ያኔውኑ ፎቶ አንሱና ላኩላቸው። የገጠር ቤቶች የፍሳሽ ጉድጓዳቸው የራሳቸው ስለሆነ ከሽንት ቤት ወረቀት በቀር ምንም አይጣልበትም፤ እርጥብ መጥረጊያ ከገባበት ይደፈንና ጥገናው ከመያዣው ላይ ይቆረጣል።

ላቬንደር እናያለን ብላችሁ ግን አትሂዱ፤ ጁላይ ላይ አብቦ ይታጨዳል። በሴፕቴምበር የምታገኙት ወይን የሚለቀምበትን ወቅት፣ በለስና ረገብ ያለ ፀሐይ ነው። ለእናንተ ዓላማ ይሄኛው ይበልጣል ባይ ነኝ።

ሳምንቱን በገበያ ቀን አስሉት፦ እሑድ ሊል ሱር ላ ሶርግ፣ ማክሰኞ ጎርድ፣ ሐሙስ ሩሲዮን፣ አርብ ሉርማረን፣ ቅዳሜ አፕት። ገበያው ሁሉ የጠዋት ነው፤ ከ7 ሰዓት በኋላ የምታገኙት ድንኳን ሲፈታ ነው። ከ3 ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ መኪና ማቆሚያም ጥሩ አትክልትም ታገኛላችሁ። ሰኞ ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት ዝግ ስለሆነ ያንን ቀን ለእንቅልፍና ለመዋኛው ተዉት። በቀን ከአንድ ቦታ በላይ አታቅዱ። ሩሲዮን ስትሄዱ የቀይ አፈሩን መንገድ ሳትዞሩ አትመለሱ፤ አጭሩ ዙር ግማሽ ሰዓት፣ ረጅሙ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ነጭ ጫማና ነጭ ልብስ እንዳታደርጉ፣ አፈሩ ቀለም ነውና ጨርቅ ውስጥ ከገባ አይለቅም።

ባቡር ይሻላል፦

መኪና ግድ ነው። አውቶቡስ አለ፣ ግን ሰዓቱ ለነዋሪና ለተማሪ የወጣ ነው።

ለስድስት ሰው ባለ ሰባት መቀመጫ መኪና ይበቃል ብላችሁ አትሸወዱ፤ ሦስተኛው ረድፍ ከተዘረጋ ሻንጣ የሚገባበት ቦታ አይኖርም። ሁለት ትንንሽ መኪና ያዙ። በመንደሮቹ ጠባብ መንገድ ይቀላል፣ ገበያ የሚሄደውና ተኝቶ የሚውለውም አይጠባበቁም። አውቶማቲክ ብቻ የሚነዳ ካለ ቀደም ብላችሁ በስሙ አስይዙ፤ ፈረንሳይ ውስጥ ካልጠየቃችሁ በስተቀር የሚሰጣችሁ በማርሽ ነው። መያዣው የሚታሰረው በዋናው ነጂ ስም በወጣ ክሬዲት ካርድ ላይ ነው። ዴቢት ካርድ ይዞ ቀርቦ ያለመኪና የሚመለስ ሰው ብዙ ነው።

አቪኞን ከተማ ሁለት የባቡር ጣቢያ አላት፦ መሃል ከተማ ያለው አሮጌው ጣቢያና ከከተማው ወጣ ያለው የፈጣን ባቡር (ቴዤቬ) ጣቢያ። መኪናውን ቴዤቬ ጣቢያ ላይ አስይዙ። ፓሪስ ካለው «ጋር ደ ሊዮን» ከሚባል ባቡር ጣቢያ እስከዚያ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው። የለንደኑ ልጅ በዩሮስታር ባቡር ፓሪስ «ጋር ዱ ኖር» ጣቢያ ይወርድና በከተማው ባቡር፣ በኤር ኤ ኤር ዴ መስመር፣ ሁለተኛው ማቆሚያ ላይ፣ «ጋር ደ ሊዮን» ይወርዳል፤ በሁለቱ ባቡሮች መሃል አንድ ሰዓት ተኩል ይተው። ከፍራንክፈርት ወደ ማርሴይ የሚሄደው ቀጥታ ባቡር አቪኞን ቴዤቬ ላይ ይቆማል፣ የሚገባው ግን ማታ ነው። እንግዲህ ሦስታችሁ ቅዳሜ ማታ ገብታችሁ አቪኞን እደሩ፣ እሑድ ጠዋት መኪናዎቹን ተቀበሉ፣ ሊል ሱር ላ ሶርግ ገበያ ላይ የመጀመሪያውን አስቤዛ ሸምቱ። መንገዳችሁ ላይ ነው። ይህን ካላደረጋችሁ እሑድ ከሰዓት ሱፐርማርኬቱ ሲዘጋ ደርሳችሁ ባዶ ማቀዝቀዣ ታቅፋችሁ ታድራላችሁ። የእሑዱን የቢሮ ሰዓት፣ ለመቀበልም ለመመለስም፣ ከማስያዛችሁ በፊት እዩት።

ነጂዎቹ ይህን ይያዙ፦ የፍጥነት ገደቡ አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሲዘንብ 110። የገጠር መንገድ በአብዛኛው 80፣ ከተማ ውስጥ 50። ምልክት በሌለበት መስቀለኛ ከቀኝ የሚመጣው ቅድሚያ አለው፣ ከጠባብ የመንደር መንገድ ቢወጣም። የክፍያ በር ላይ ብርቱካናማ «ቴ» (t) ፊደል ብቻ ያለበት መስመር ውስጥ አትግቡ፤ ያ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ላላቸው ነው፣ ከኋላችሁ ሰልፍ ተፈጥሮ መውጫ ታጣላችሁ። ሰው የሌለበት ነዳጅ ማደያ 20 ዩሮ ብትቀዱም ለጊዜው 100 ወይም ከዚያ በላይ ካርዳችሁ ላይ ሊያስር ይችላል። ከቀናት በኋላ ይለቀቃል፣ አትደንግጡ።

ሰነድ አጣሪ፦

ስለ ለንደኑ ልጅ፦ የእንግሊዝ የመኖሪያ ፈቃድ ሼንገን (ፈረንሳይ ያለችበት የጋራ ቪዛ ክልል) አያስገባም፣ ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው፣ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀር። መልሱ በመደበኛው 15 ቀን ነው፣ እስከ 45 ሊሄድ ይችላል። ችግሩ መልሱ ሳይሆን ቀጠሮው ነው፤ በጋ ላይ ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚህ በማርች ወይም በኤፕሪል ይያዝ። ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ፓስፖርቱ ከሼንገን ከሚወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቆይ፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የወጣ፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የጉዞ የጤና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ ይሸፍን፣ መላውን የሼንገን ክልል።

የማረፊያ ማስረጃ የቤቱ ኪራይ ውል ነው። የስድስታችሁም ሙሉ ስም ውሉ ላይ ይጻፍ፤ በአንድ ሰው ስም ብቻ ከወጣ ቆንስላው «አንተ የት ነህ?» ይላል። ከማዘጋጃ ቤት የሚወጣው የእንግዳ መቀበያ ወረቀት ሰው ቤት በነጻ ለሚያርፍ ነው፣ እናንተን አይመለከትም። የባቡር ትኬቱን ቪዛው እስኪመጣ ተመላሽ በሚሆን ዋጋ ይግዛ።

የጀርመንና የስዊድን የመኖሪያ ካርድ ያላችሁ ተጨማሪ ቪዛ አያስፈልጋችሁም፤ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ትችላላችሁ። ፓስፖርቱንም ካርዱንም ዋናውን ያዙ። ካርዱ እድሳት ላይ ያለ ሰው ካለ የያዘው ጊዜያዊ ወረቀት ለጉዞ የሚያገለግል መሆኑን የራሱን የውጭ ዜጎች ቢሮ ይጠይቅ።

የፍራንክፈርቷ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቀኑን ወደ እሑድ ቀይረናል። ለቅዳሜው ዶሮ ቅቤና በርበሬ ማን ይያዝ? ለጾመኞቹስ ከአካባቢው ምግብ ምን ይሆናል?

ጓዳ፦

ቅቤውን ከፍራንክፈርት ያዙት፤ የለንደኑ ልጅ እንዳይሞክረው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ቅቤውም ቋንታውም ይወረስበታል። በርበሬና ሽሮ ቢይዝ ችግር የለውም። ምጣድ አትሸከሙ። አሮጌ የገጠር ቤት የሚያገኘው ኃይል ብዙ ጊዜ 6 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው፤ ምጣድ፣ ምድጃና የውሃ ማሞቂያ አንድ ላይ ሲበሩ ቆጣሪው ይዘጋል። እንጀራውን ጋግራችሁ ሂዱ፣ ግማሹን እንደደረሳችሁ በረዶ ቤት አስገቡትና ዓርብ ማታ አውጡት።

ዶሮውን አፕት ገበያ ላይ «ፑል» ብላችሁ ጠይቁ፣ ያረጀች እንቁላል ጣይ ማለት ነው። «ፑሌ» የሚሉት ወጣቱ ዶሮ ነው፤ ወጥ ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል። ፑል ግን ቆይታ ትበስላለች፣ ቅርጿንም አትለቅም። ገበያው ላይ ሳትጠፋ በጠዋት ውጡ፤ ሽንኩርቱን ግን ሌሊቱን ከትፋችሁ አቁላሉት።

ለጾም ባጌት «ትራዲሲዮን» የሚባለውን ግዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ደንብ መሠረት ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ነው፣ ወተትም ቅቤም አይገባበትም። ክሯሳንና ብሪዮሽ የቅቤ ናቸው። ራታቱይ በወይራ ዘይት የሚሠራ የአትክልት ወጥ ነው፣ የጾም ነው። ከሽምብራ ዱቄት ተገንፍቶ በዘይት የሚጠበሰው «ፓኒስ»ም ለጾም ይሆናል። ታፕናድ የሚሉት የወይራ ልቁጥ ግን የጾም መስሎ ያታልላል፤ ዓሣ (አንቹቪ) ስላለበት ዓሣ የማይበላ ሰው ይጠይቅ። «ሱፕ ኦ ፒስቱ» በሚባለው የባቄላ ሾርባ ላይ የሚጨመረው ፒስቱ የሚሉት የበሶብላ ማባያም ብዙ ጊዜ አይብ አለው፤ ለብቻው እንዲቀርብ እዘዙ።

ምግብ ቤት ምሳ የሚያቀርበው ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ እራት ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ነው። በ8 ሰዓት ተኩል ለምሳ ብትገቡ ወጥ ቤቱ ተዘግቷል ይሏችኋል፣ ብትለምኗቸውም አይከፍቱም። ለስድስት ሰው ስልክ ደውላችሁ አስይዙ። የአገልግሎት ክፍያ በዋጋው ውስጥ ነው፣ ጉርሻ ግዴታ አይደለም። «ካራፍ ዶ» ካላችሁ የቧንቧ ውሃ በነጻ ይመጣል።

የመጨረሻው ከበድ ያለ ነገር ነው። ለዋዜማው ሐሙስ ማታ ችቦ እናብራ ብላችሁ ካሰባችሁ ተዉት። ፈረንሳይ ውስጥ ከጫካ 200 ሜትር ባልራቀ ቦታ የመሬቱ ባለቤት ያልሆነ ሰው እሳት ማቀጣጠል ዓመቱን ሙሉ ክልክል ነው፤ የሉበሮን ቤቶች ደግሞ አብዛኞቹ የጥድና ኦክ የሚባል ዛፍ ጫካ ጥግ ናቸው። ሚስትራል የሚሉት የሰሜን ነፋስ ከተነሣ አንድ ፍንጣሪ ኮረብታ ያነዳል። የከሰል መጥበሻውንም ቢሆን ባለቤቱ ካልፈቀደ አትንኩት። ሻማ ቤት ውስጥ አብሩ፣ አበባውን ሐሙስ ጠዋት ሩሲዮን ገበያ ላይ ቢጫ ቢጫውን መርጣችሁ ግዙ፤ አርብ ሉርማረንም ታገኛላችሁ፣ ግን ያኔ ለዋዜማው አይደርስም።