ካራቫን ይዞ ደጀን አካባቢ ወደ ገጠር ስለ መውረድ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከዳላስ ነው። ጡረታ ስወጣ ጎጃም ገብቼ፣ ቤት ሠርቼ እስክጨርስ እናቴ ግቢ በካራቫን፣ ማለትም በመኪና በሚጎተት ቤት፣ ልኖር አስቤያለሁ። ርዝመቱ 6 ሜትር ነው። ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያለው የአፈር መንገድ ግን ጠባብም ቁልቁለትም ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ያወረደ ሰው አለ?

መልስ፦
እኅቴ፣ እኔ አባቴ ቦታ ድረስ አውርጃለሁ። የአባይ በረሃ አያስጨንቅሽ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደሽ መልሰሽ ትወጪያለሽ፤ ቢሆንም ከባድ መኪና ከነተሳቢው በየቀኑ የሚመላለስበት አስፋልት ነው። የዚያ መንገድ ሹፌሮች የሚሉት ለሰፈርሽም ይሠራል፦ በምትወጪበት ማርሽ ውረጂ። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዝቅ አድርጊው፤ መኪናውን ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን ረግጠሽ ብቻ ከወረድሽ ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም ብትረግጪው አይይዝም። የአሜሪካ ካራቫን ፍሬኑ ብዙ ጊዜ በኤሌክትሪክ ስለሆነ መቆጣጠሪያው በሚጎትተው መኪና ላይ መገጠሙን ሳታረጋግጪ አትነሺ።

እኔን ያስቸገረችኝ የመጨረሻዋ ኩርባ ናት። የተሳቢ ጎማ መኪናው በሄደበት አይሄድም፤ ኩርባውን ወደ ውስጥ ይቆርጠዋል። መኪናው አለፈ፣ የካራቫኑ ቀኝ ጎማ ግን ቦዩ አፍ ላይ ቀረ። ረዳቱ ሮጦ ታኮ ባያስገባ ኖሮ ተገልብጦ ነበር። ወደ ኋላ ልመልሰው ብል ዳገቱ አላስወጣኝም። ጎረቤቶች እርሻቸውን ትተው መጡ፣ እንደ ወንፈል ተረባርበው ቦዩን በድንጋይ ሞሉልኝና አለፍኩ። ካለፍኩ በኋላ አንድ አባት ድንጋዩን አንድ በአንድ አስወጡን። ክረምት ውሃው መሄጃ ካጣ መንገዱን ይበላዋል፣ ያ መንገድ ደግሞ የሁሉም ነው። አንቺም ይህን አደራ አትርሺ።

ስለዚህ አስቀድሞ በእግር ይታይ። የመኪናውንና የካራቫኑን ርዝመት ያህል ገመድ ቁረጡ፤ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ወጥሮ ይዞ በእያንዳንዱ ኩርባ ይሂድ፤ የገመዱ መሐል የውስጡን ቦይ ወይም አጥር የሚነካበት ቦታ እንቅፋትሽ እዚያ ነው። ታች መዞሪያ ከሌለ ጨርሶ አትውረጂ። ዋልካ አፈር ዝናብ ከነካው ጎማ አይይዝም፤ ከታኅሣሥ በፊት አታስቢው። በገበያ ቀንም አይሆንም፣ ሰውና አህያ መንገዱን ይሞላዋል።

ወደ ኋላ ስትነጂ እጅሽን መሪው ታችኛው ጫፍ ላይ አድርጊ፤ እጅሽ ወደ ሄደበት የካራቫኑ ኋላ ይሄዳል። የሚመራሽ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። እኛ ዘንድ ያየ ሁሉ «ነይ፣ ነይ» ይላል፣ ያኔ የማንን እንደምትሰሚ ይጠፋሻል። መብራቱንም አስቢበት፤ የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፣ የአገር ቤቱ 220።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ታናሽ ወንድሜ ኩርባዎቹን በገመድ ለክቶ ፎቶ ሊልክልኝ ነው። መዞሪያ ከሌለ ካራቫኑ ላይኛው መንገድ ዳር አክስቴ ግቢ ይቆማል፤ ወደ እናቴ በእግሬ እወርዳለሁ።