ክብደቱ የጎደለው የ1768 የኑረምበርግ ታለር

ራሷን ታስተዳድር የነበረችው የጀርመን ከተማ ኑረምበርግ በ1768 እ.ኤ.አ. ያስመታችው ነው የተባለ የብር ታለር በእጄ ይገኛል። በአንዱ ገጽ የከተማዋ ምስል፣ በሌላው ደግሞ የንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ ስም የከበበው ባለ ሁለት ራስ ንስር ሲኖርበት፣ አሥሩ ታለር አንድ ማርክ (የቀድሞ የክብደት መለኪያ) ንጹሕ ብር እንደሚይዝም ተቀርጾበታል። ይህ ልክ በአገራችን ጠገራ ብር የምንለው የማሪያ ቴሬዛ ታለር የተመታበት ስለሆነ፣ ሁለቱም 28 ግራም ያህል ሊመዝኑና ከሺህ 833 እጅ ንጹሕ ብር ሊይዙ ይገባል።

የእኔው ግን 26.3 ግራም ብቻ ነው። ሚዛኑን ተጠራጥሬ ጠገራ ብር ባስቀምጥበት ትክክለኛውን 28 አሳየ። ታለሩን ውኃ ውስጥ አንጠልጥዬ እፍጋቱን ስለካ 10.2 ሆነ፤ ይህም ከሚጠበቀው የብርና የመዳብ ቅይጥ ጋር ይስማማል። ጽሑፉ ጥርት ያለ በመሆኑ፣ በእጅ መታሸት ብቻ ይህን ያህል አጉድሎታል ለማለት ያዳግተኛል። ከንስሩ ራስ በላይ ያለው ጠርዝ በሞረድ የተላገ ይመስላል፤ ጠገራ ብር ለአንገት ጌጥ ሲውል እንደሚደረገው፣ ማንጠልጠያ ቀለበት ተበይዶበት ኋላ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከእውነተኛው በተወሰደ ቅርጽ፣ በዚያው ዓይነት ቅይጥ ፈስሶ የተሠራ ቅጂም እፍጋቱ ያው ነው። ገንዘቡን ሳልቧጭር፣ በጠርዙና በገጹ ላይ የትኛውን ምልክት ብመለከት ነው በማኅተም የተመታውን ከፈሰሰው በእርግጠኝነት መለየት የምችለው?