ሚሊዮን ቢት ሲሙሌት አድርጌ ስህተት ካላየሁ ሊንኩ አለፈ ማለት ነው?

ሰርኪት_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። በሰከንድ 10.3125 ጊጋቢት የሚሄድ የኢተርኔት ሊንክ አለኝ፤ መሃሉ ላይ ሁለት ኮኔክተርና ረዘም ያለ ኤፍአር4 (የተለመደው የፋይበርግላስ) ቦርድ አለ። በፒአርቢኤስ31 (የዘፈቀደ የሚመስል የሙከራ ቢት ተከታታይ) ሚሊዮን ቢት ሲሙሌት አደረግኩ፤ አንድም ስህተት የለም፣ አይ ዳያግራሙም (የቢቶቹ ሞገድ ተደራርቦ የሚታይበት ሥዕል) ክፍት ነው። አለቃዬ ግን «የስህተት መጠኑ (የተሳሳቱት ቢቶች ለጠቅላላው ሲካፈሉ) ከ10⁻¹² በታች ለመሆኑ ማስረጃህ የታለ?» አለኝ። ሲሙሌሽኑን ለሳምንት ልተወው ወይስ ሌላ ዘዴ አለ?

ባለስኮፑ፦
አለቃህ እውነት አለው። ምንም ስህተት ካላየህ 3ን ለቢቱ ብዛት አካፍል፤ በ95 በመቶ እርግጠኝነት አፍህን ሞልተህ የምትናገረው ከዚያ በታች መሆኑን ብቻ ነው። ያንተ 3×10⁻⁶ ነው። ለ10⁻¹² 3 ትሪሊዮን ቢት ያስፈልግሃል። እውነተኛው ቦርድ ላይ አምስት ደቂቃ አይሞላም፣ በሲሙሌተር ግን አታስበው። ፒአርቢኤስ31 ራሱ አንድ ዙር ለመጨረስ ከ2.1 ቢሊዮን ቢት በላይ ይፈልጋል።

እኔ አንድ ብቸኛ ቢት እልክና ከኢኳላይዘሩ (የቻናሉን መዛባት ከሚያስተካክለው ሰርኪት) በኋላ የፐልስ ምላሹን እወስዳለሁ። ከዋናው ናሙና ወዲህና ወዲያ በየ97 ፒኮሰከንዱ የምታገኘው ቅሪት ነው ጎረቤት ቢቶችን የሚረብሸው። እያንዳንዱ ቅሪት እኩል ዕድል ይዞ ወይ ይደመራል ወይ ይቀነሳል። ስርጭቶቹን አንድ በአንድ ኮንቮልቭ ስታደርግ (የድምራቸውን ስርጭት ስታሰላ) የቮልቴጁ ስርጭት እስከ ጭራው ድረስ ይወጣልሃል፤ ላፕቶፕ ላይ የሰከንድ ሥራ ነው። 40 ቅሪት ቢኖርህ ሁሉም ባንድ ጊዜ የሚከፋብህ ከ2⁴⁰ አንዴ ነው፤ ያ ደግሞ ወደ 10⁻¹² ይጠጋል። በሚሊዮን ቢት ልታየው? ዘበት ነው! ከዚያ የመቀበያውን ኖይዝ ጨምርበት።

አንድ ነገር ግን፦ ይህ የሚሠራው ቻናሉ ሊኒየር ከሆነና ቢቶቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ ነው። ያንተ 64ቢ/66ቢ (የሊንኩ የቢት ኮድ) ስክራምብል ስለሚደረግ፣ ማለትም ቢቶቹ የዘፈቀደ እንዲመስሉ ስለሚደበላለቁ፣ ችግር የለም።

ሰርኪት_ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ጂተሩንስ (የቢቱ ጠርዝ ከትክክለኛ ጊዜው መዛነፍ) ምን ላድርገው?

ባለስኮፑ፦
የተለመደው ቀመር ጠቅላላ ጂተር = ዲተርሚኒስቲኩ (ወሰን ያለው) + 14.07 × ራንደሙ (ወሰን የሌለው ጋውሲያን፣ በአርኤምኤስ) ነው፣ ለ10⁻¹²። 20 ፒኮሰከንድ ዲተርሚኒስቲክና 1 ፒኮሰከንድ ራንደም ካለህ 34 ገደማ ይወጣል። ራንደሙ 1.5 ቢሆን 41 ደረስክ። ስለዚህ ራንደሙን ከሂስቶግራሙ መሃል አትገምት፤ የብዙ ትናንሽ ቅሪቶች ድምር መሃሉ ላይ ጋውሲያን ይመስላል፣ ወሰን ያለው ሆኖ ሳለ። ስኮፑ አንድ ቁጥር ብቻ ከሰጠህ እኔ አላምነውም።

ፓም4_ሰው፦
ልጨምር፦ ወደ ፓም4 (በሁለት ፈንታ በአራት የቮልቴጅ ደረጃ መላክ) ስትሄድ የዓይኑ ቁመት ሲሶ ይሆናል፣ 9.5 ዴሲቤል ያህል ትከስራለህ፤ ስለዚህ ስህተቱን ኤፍኢሲ (የስህተት ማረሚያ ኮድ) እንዲያርመው ይተዋል። አርኤስ(544,514) የሚባለው ኮድ በአንድ ብሎክ እስከ 15 ሲምቦል ያርማል። ነገር ግን ዲኤፍኢ (ባለፉት ውሳኔዎች ቅሪቱን የሚቀንስ ኢኳላይዘር) ካለህ አንድ የተሳሳተ ውሳኔ ቀጣዩን ይዞ ይወድቃል፤ የመጀመሪያው ታፕ (ያለፈው ውሳኔ የሚባዛበት ቁጥር) 1 ከሆነ ስህተቱ የመቀጠል ዕድሉ 3/4 ይደርሳል። ስህተቶቹ በተናጠል ይመጣሉ ብለህ በባይኖሚያል ብታሰላ ውጤቱ ያማረ ይሆናል፣ ቦርዱ ላይ ግን አታገኘውም። ፕሪኮዲንግ (ሲምቦሎቹን ከመላክ በፊት ኮድ ማድረግ) ካበራህ ረጅሙ ቡርስት (ተከታታይ ስህተት) መግቢያና መውጫው ላይ ብቻ ስህተት ይተዋል፤ ሞዴልህ ይህን መያዝ አለበት።