ኢሜይል ይገባል፣ መላክ ግን እምቢ አለ፤ እስቲ አንድ በሉኝ
ሰላም ለሁላችሁ። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ አነስተኛ ቢሮ ውስጥ አይቲ ነኝ። የኢሜይል ሰርቨራችን እዚሁ ነው፤ ፖስትፊክስ (ደብዳቤ የሚልከውና የሚቀበለው ፕሮግራም) እና ዶቭኮት (ልጆቹ ሳጥናቸውን የሚያነቡበት)። ሐዋሳና ባሕር ዳር ያሉት የሽያጭ ልጆች በስልካቸው መግባት አለባቸው።

ፋየርዎሉ (የኔትወርኩ ዘበኛ) ላይ ለእነሱ የከፈትኳቸው ፖርቶች (የመግቢያ በር ቁጥሮች) 993 (ለማንበቢያ) እና 587 (ለመላኪያ) ብቻ ናቸው። ያለ ምስጠራም ማንበብ የሚቻልባቸው 143 እና 110 ዝግ ናቸው፤ ፓስወርድ ሳይመሰጠር የሚያልፍበት ቀዳዳ አልፈልግም። 25 ከሌሎች ሰርቨሮች ደብዳቤ ለመቀበል ብቻ ነው።

ልጆቹ መልእክት ይደርሳቸዋል፤ መላክ ነው ችግሩ። በሞባይል ዳታ ሲሆኑ ሰተት ብሎ ይሄዳል። የሆቴል ዋይፋይ ላይ ሲሆኑ ግን «በመላክ ላይ» ብሎ ክቧ ትሽከረከርና ታይምአውት። የፋየርዎሉ ሎግ ላይ ደግሞ የ587 ሙከራ ጭራሽ የለም። ስለዚህ እኛ ጋ ሳይደርስ እዚያው የሚዘጋ ይመስለኛል። ሌላኛውን የመላኪያ ፖርት፣ 465ን ልጨምር? በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 8314 (የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ) ከመነሻው በቲኤልኤስ (በምስጠራ) የሚጀምረውን፣ ማለትም 465ን፣ ይመክራል። ግን 587ን የዘጋ ሰው 465ን ምን ብሎ ይተዋል?

ዋየርጋርድ የሚባለውን ቪፒኤንም (ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር) ሞክሬያለሁ። በዩዲፒ (አንዱ የዳታ ማስተላለፊያ ስልት) ብቻ ስለሚሠራ መሰለኝ፣ እዚያ ዋይፋይ ላይ አልተነሳም። አለቃዬማ «ሁሉንም ፖርት ክፈተውና እንገላገል» ይላል። ይሄንንስ አላደርገውም!

የቀረኝ ኦፕንቪፒኤን የሚባለውን ሌላ ቪፒኤን በቲሲፒ (ሌላኛው ስልት) ድረ ገጾች በሚያልፉበት ፖርት 443 ማስኬድ ነው። ችግሩ ያለን ፐብሊክ አይፒ (ከውጭ የሚደረስበት አድራሻ) አንድ ብቻ ነው፣ 443ን ደግሞ ዌብሜይሉ (ኢሜይል በብራውዘር የሚከፈትበት) ይዞታል። ፖርት-ሼር የሚባለውን የኦፕንቪፒኤን አማራጭ (አንድ ፖርት ለሁለት ማጋሪያ) ተጠቅማችሁ ሁለቱን ያብቃቃችሁ አላችሁ? ካላችሁ ኮንፊጉን ጭምር ጣሉልኝ፤ ልጆቹ ሰኞ እንደገና መስክ ይወጣሉ።