«አንለስ» ደንበኛዬን አሳቀብኝ፤ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ)፦
አቦ፣ እንግሊዝኛ የምትችሉ እርዱኝ። ልብስ እሸጣለሁ። ጅቡቲ ያለ ደንበኛዬን «ገንዘቡን ካልከፈልክ በቀር ዕቃውን አልልክም» ልለው ፈልጌ እንዲህ ጻፍኩለት፦ «አይ ዊል ኖት ሴንድ ኢት አንለስ ዩ ዶንት ፔይ።» እሱ ሆዬ «እሺ፣ አልከፍልም፤ ላከው!» ብሎ ሳቀብኝ።

መልስ (ከከዚራ)፦
ጉድ የሠራህ «ዶንት» ነው። በአማርኛ «ካልከፈልክ በቀር» ስንል አሉታው «ካል» ውስጥ አለ። በእንግሊዝኛ ግን አሉታውን «አንለስ» ራሱ ይዞታል። አንተ ሌላ ስትደርብበት «የምልክልህ ካልከፈልክ ብቻ ነው» አልከው። «አንለስ ዩ ፔይ» ይበቃል። ደግነቱ ደንበኛህ ጨዋ ነው፤ ሌላው እንደ ውል ይይዝብህ ነበር።

መልስ (መምህር፣ ከሳቢያን)፦
ልክ ነው። ተማሪዎቼ ደግሞ «አንለስ ዩ ዊል ፔይ» ይላሉ። ነገሩ የወደፊት ቢሆንም እዚያ ቦታ «ዊል» አይገባም። «ካልከፈልክ» ያለፈ ድርጊት ስለሚመስላቸው «ፔይድ» የሚሉም አሉ። ላንተ ጉዳይ እሱም አይሆንም።

ከሐረር፣ ጀጎል፦
እኔም ልጠይቅ። «ኢፍ» (የ«ከ... ከሆነ» ቃል) እና «ኖት» (አሉታው) ባሉበት ሁሉ «አንለስ» መተካት ይቻላል?

መምህሩ፦
ሁልጊዜ አይቻልም። እኔ በአማርኛ ነው የምፈትነው። «ባጃጅ ካላገኘሁ አልመጣም» በል። «ባጃጅ ካላገኘሁ በቀር አልመጣም» ብትልም ያስኬዳል። ስለዚህ «አንለስ» ይሆናል። አሁን ደግሞ «ዛሬ ካልደወለ ይገርመኛል» በል። «ካልደወለ በቀር ይገርመኛል» ይባላል? ጆሮ አይቀበለውም። የሚያስገርመኝ አለመደወሉ ራሱ ነዋ። እዚህ ጋ «ኢፍ ሂ ዳዝንት ኮል» ነው የሚባለው። ይህ መፈተኛ በሁሉም ቦታ አይሠራም፤ ክፍል ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አድኖኛል።

ከከዚራ፦
ለጨዋታ ያህል፣ የ«አንለስ» «አን» የ«አንሃፒ»ው (ደስተኛ ያልሆነ) አሉታ አይደለም። ድሮ «ኦን» እና «ሌስ» የሚሉ ሁለት ቃላት ነበሩ። «ከዚህ ባነሰ ሁኔታ» እንደማለት ነው።

ጠያቂው፦
ኑሩልኝ። አሁን «አይ ዊል ኖት ሴንድ ኢት አንለስ ዩ ፔይ» ብዬ አስተካክዬ ላክሁለት። «አሁን ገባኝ» ብሏል። ገንዘቡ ግን ገና አልገባም።