58 ልጅ፣ አንድ ኪቦርድ፦ ለሙዚቃ መምህራን የተግባር ስልጠና የት ይገኛል?

ጠያቂ፦ ቲቸር ከአራት ኪሎ

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት 5ኛና 6ኛ ክፍል የክወናና ዕይታ ጥበባት አስተምራለሁ። የተማርኩት ሙዚቃ ነው፣ ስዕሉንና ቲያትሩን እንደምንም እየተወጣሁት ነው። አንድ ክፍል 58 ልጅ አለው። ያለን መሣሪያ አንድ ኪቦርድ ነው፣ እሱም መብራት ካለ።

እንደምታውቁት በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) በዓመት 60 ሰዓት መሙላት አለብን። የእኔ ቡድን ግን የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ናቸው። ርዕሱ ሁሌ ተከታታይ ምዘና ነው። አይጠላም፣ ግን ልጅ ከድምፅ ሲወጣ ምን ላድርግ የሚለውን እዚያ የሚመልስልኝ የለም። ክረምት ላይ ከኪሴ ከፍዬ የሁለት ቀን ስልጠና ገባሁ። ሁለቱንም ቀን ስክሪን ላይ አፍጥጠን ዋልን። አንድ ሰው እንኳን አፉን ከፍቶ አልዘፈነም። ሰርተፍኬት ሰጡኝ፣ መስከረም ላይ ክፍል ስገባ ግን ያው የድሮዋ ነበርኩ።

መሀል ከተማ እጅ የሚያስነካ ስልጠና የት አለ? ባገኝስ ለ60 ሰዓቱ ይያዝልኛል? መሣሪያ በሌለበት ክፍልስ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ፦ የ22 ዓመት ጠመኔ

ቲቸር፣ እኔ ስለ ሰዓቱ ልንገርሽ፣ ሌላውን ሙዚቀኞቹ ይመልሱልሻል። ይያዛል፣ ግን ቀድሞ ከታቀደ ነው። ብዙ መምህር ስልጠናውን ይወስድና ዓመቱ ሲያልቅ ሰርተፍኬቱን ይዞ «ቁጠሩልኝ» ይላል፣ ያኔ ጭቅጭቅ ይመጣል። አንቺ መጀመሪያ የግል ዕቅድሽ ላይ ችግሩን ጻፊው፤ «ተማሪዎቼ የሰሙትን ድምፅ በትክክል መመለስ ይቸገራሉ» በይ። ስልጠናውን የዚያ መፍትሔ አድርገሽ አስገቢና አስፈርሚ። ፖርትፎሊዮሽ ውስጥ ክፍል ገብተሽ ምን እንደሞከርሽና ምን እንደተለወጠ አንድ ሁለት ገጽ ጨምሪበት።

ደግሞ 60 ሰዓት ማለት 60 ሰዓት ወንበር ላይ መቀመጥ አይደለም። የሌላ መምህር ክፍል ገብቶ ማየት፣ እሱም ያንቺን እንዲያይ ማድረግ፣ ተግባራዊ ምርምር መሥራት፣ ሁሉም ሙያ ማሻሻያ ነው። በትምህርት ቤትሽ የሙዚቃ ሰው አንቺ ብቻ ከሆንሽ ሱፐርቫይዘሩን አነጋግሪ። በአንድ ጉድኝት ማዕከል (ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች አብረው የሚሠሩበት ቡድን) ሥር ያሉ የጥበባት መምህራን ለብቻቸው ቡድን ይሁኑ ብለሽ ጠይቂ። እኛ ጋ በቃል ስንጠይቅ ዓመት ፈጀ፣ በጽሑፍ ስናስገባ ግን በሁለት ሳምንት አለቀ።

መልስ፦ ክራረኛዋ

የኔ እህት፣ ያ ስክሪን እኔንም አቃጥሎኛል። ከመክፈልሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ። አሰልጣኙ ልጆች ፊት ቆሞ አስተምሮ ያሳያል? እኛስ ሞክረን እንታረማለን? ከወር በኋላ የሞከርነውን ይዘን ተመልሰን እንገናኛለን? ሦስተኛውን የሚያሟላ እምብዛም አታገኚም፣ እኔ ግን ትልቁ ቁም ነገር እሱ ነው ባይ ነኝ። በሁለት ቀን የተማርሽው ነገር ክፍል ገብቶ ካልተፈተነ ይረሳል።

ቦታውን በተመለከተ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፣ በደንብ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉት። ብቻሽን አትሂጂ። አራት አምስት መምህራን ሆናችሁ የትምህርት ቤት ደብዳቤ ያዙ። «አሰልጥኑን» ከማለት ይልቅ አንድ ጥርት ያለ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡና አንድ ቅዳሜ ለምኑ። ስድስት ኪሎ ያለውን የጀርመን ባህል ማዕከል ጎተ ኢንስቲትዩትንና ፒያሳ ያለውን የፈረንሳይኛ ቋንቋና ባህል ማዕከል አሊያንስንም ፕሮግራማቸውን ተከታተይ። የእነሱ ዝግጅት ለመምህር ተብሎ ባይሆንም እንግዳ ሙዚቀኛ ሲመጣ ጠጋ ብሎ ማየትና መጠየቅ ራሱ ትምህርት ነው።

መልስ፦ ዋሽንት በፒያሳ

መሣሪያ ለሌለበት ክፍል እኔን የታደገኝ የእጅ ምልክት ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ቲ ለሚባሉት ድምፆች ለእያንዳንዳቸው አንድ የእጅ ቅርጽ አለ። ጆን ከርዊን የሚባል እንግሊዛዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው ነው፣ በኋላ የሃንጋሪው የሙዚቃ ደራሲና አስተማሪ የኮዳይ ትምህርት ተከታዮች ወሰዱት። ዶ ላይ እጅሽን ጨብጠሽ ወገብሽ አካባቢ ታደርጊያለሽ። ሬ ላይ መዳፍሽ ተዘርግቶ ሽቅብ ያጋድላል። ሚ ላይ ደረትሽ ፊት እንደ ጠረጴዛ ይተኛል። ሶል ላይ መዳፍሽ ወደ ራስሽ ይዞራል፣ ላ ላይ ደግሞ ከፍ ብሎ ጣቶችሽ ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። ድምፁ ሲወጣ እጁም ይወጣል።

«ፋ»ንና «ቲ»ን ለምን ዘለልኩ? በ«ሚ» እና በ«ፋ»፣ በ«ቲ» እና በ«ዶ» መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ነው፣ ለልጅ ጠባብ ነው። ሃንጋሪዎቹም የሀገራቸው የድሮ ዘፈን ባለ አምስት ድምፅ ስለነበር በዚያ ጀመሩ። አሁን ቁጠሪያቸው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ሜጀሩ ትዝታ (ደስ የሚለው የትዝታ ቅኝት) ማለት እኮ ነው! ልጆቹ እናታቸው ጀርባ ላይ ሆነው የሰሙት ቅኝት ነው። እኔ በሶልና በሚ ብቻ አንድ ሳምንት እቆያለሁ። ከኋላ ወንበር አንድ አፉን የማይከፍት ልጅ ነበረኝ። ድምፁን ትቶ በእጁ ብቻ ይመልስልኝ ነበር፣ ያውም ሳይሳሳት። ጆሮው ደህና እንደሆነ ያወቅኩት በዚያ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዘፈነ።

መልስ፦ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ

ይቅርታ፣ የፈረንጅ የእጅ ምልክት ለምን አስፈለገ? እኛ ዜማ ስንማር የኔታ አንድ ጊዜ ይሉታል፣ እኛ እንቀበላለን። ሲጎረብጥ እዚያው ያርሙናል፣ እስኪገባን ያስደግሙናል። ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች ስንት ዘመን ያለ ኪቦርድ ተላልፏል። ስልጠና ከተባለ ይሄም ይካተት።

መልስ፦ ዋሽንት በፒያሳ

ወንድሜ፣ እስማማለሁ። መዘመሩና መቀበሉ መሠረቱ ነው፣ እጁ ከላዩ ይደረባል። 58 ልጅ አንድ ላይ ሲቀበል ማን እንደሳተ በጆሮዬ መለየት አልችልም፣ እጃቸውን ሳይ ግን እለየዋለሁ።

መልስ፦ ክራረኛዋ

አንድ ነገር ልጨምር። ትምህርት ቤቱ ትንሽ ብር ካገኘ ሁለተኛ ኪቦርድ ከመግዛት ክራር ይግዛ። ብዙውን ጊዜ 6 ክር አለው፣ አምስቱ የቅኝቱን ድምፆች ይይዛሉ፣ ስድስተኛው የመጀመሪያው ኦክቴቭ ነው፣ ያንኑ ድምፅ በሌላ ከፍታ ይደግማል። በትዝታ ተቃኝቶ ለልጅ ከተሰጠ የትኛውንም ክር ቢነካ ከቅኝት አይወጣም። መብራትም አይፈልግም። ቸርችል ጎዳና ለቱሪስት የሚሸጡት ግን መልካቸው እንጂ መቃኛቸው አይታመንም። ሳትገዢ ቃኝተሽ አሥር ደቂቃ ጠብቂና እንደገና ስሚው፣ ከወረደ ተይው።

ጠያቂ፦ ቲቸር ከአራት ኪሎ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ 6ኛ ለ ክፍል ላይ ሶልና ሚን ሞከርኩ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ሠራ፣ ሲደወል ግን በር ላይ ሁለት ሴት ልጆች በእጃቸው እየተጠያየቁ ሲወጡ አየሁ። ሱፐርቫይዘሩን በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። እስከዚያ ከአጎራባች ትምህርት ቤት ሁለት መምህራን አግኝቼ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እኛ ክፍል ልንገናኝ ነው። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ እንሠራለን፣ ሳምንቱን ክፍል ውስጥ ሞክረነው እንመለሳለን። መምጣት የሚፈልግ በውስጥ ይጻፍልኝ። ክራር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ፣ አንተን ግን በተለይ እንፈልግሃለን፣ የመቀበሉን ነገር አንተ ብታሳየን።

መልስ፦ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ

እመጣለሁ። ከበሮም አለኝ።