ኩባያው ይቅደም ወይስ መጽሐፉ? የመታሰቢያ ሱቁ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም የመርሐቤቴ ልጆች። ባለፈው ስብሰባ ያንጠለጠልነውን ነገር እዚህ እንጨርሰው። ለብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ዓለም ከተማ ላይ አንድ የመታሰቢያ ክፍልና ትንሽ ሱቅ እንዲከፈት ለወረዳው ማመልከቻ ልናስገባ ነው። ሰውየው የእኛው የመርሐቤቴ ሰው ናቸው። እንጦጦ ራጉኤል ተምረው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ። በመሃል ደግሞ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ጻፉ። ማመልከቻው ከሁለት ገጽ እንዳይበልጥ እፈልጋለሁ። እስቲ ሐሳብ አዋጡ።

ሒሳብ ያዥ፦ ኩባያና ቲሸርት የሚል ቃል ካየሁ አልፈርምም። ያኔ ያሳተምናቸውን ቲሸርቶች ታስታውሳላችሁ አይደል? አንዴ ሲታጠቡ ጽሑፉ ግማሹ ሄደ። ከ«መርሐቤቴ» ውስጥ «ቤቴ» ብቻ የቀረበት አንዱ እስካሁን እኔ ቤት አለ።

ከናይሮቢ የተመለሰችው አባል፦ ሳቄን አመጣኸው። እኔ ግን ሱቅ የሚለውን ሐሳብ እወደዋለሁ። ናይሮቢ ስሠራ የካረን ብሊክሰንን ቤት ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ዴንማርካዊት ደራሲ ናት። ንጎንግ ተራሮች ሥር ቡና ስታለማ የኖረችበት ቤት ነው፤ የተሠራው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው። ኬንያ ነፃ ስትወጣ የዴንማርክ መንግሥት ለኬንያ ሰጠው፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ሙዚየም ሆነ። ሱቅም አለው። ፖስት ካርድ፣ የእጅ ሥራ፣ መጻሕፍት ይሸጣል።

እዚያ የታዘብኩትን ልንገራችሁ። ከእንጨት የተቀረጸችው ቀጭኔ መሃል ከተማም ሞልታለች። ተከራክራችሁ በቅናሽ ትገዟታላችሁ። መጽሐፉን እዚያ መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው። በረንዳውን አሁን አይታችሁታል፣ ተራራውም ፊት ለፊት ቆሟል። በሁለተኛው ጉብኝቴ ስለ እርሻዋ የጻፈችውን ገዝቼ ሳሩ ላይ ቁጭ አልኩና ሃያ ገጽ ያህል አነበብኩ። ያስነሣኝ ጥበቃው ነው። ስለዚህ የእኛ ሱቅ ዋና ዕቃ የኅሩይ መጽሐፍ ካልሆነ ባይከፈት ይሻላል ባይ ነኝ።

መምህር፦ እህቴ፣ እውነትሽን ነው። ችግሩ መጽሐፉ ከየት ይምጣ ነው። ተማሪዎቼ «ወዳጄ ልቤ» የሚለውን ስም ያውቁታል፤ ለፈተና። ከፍቶ ያነበበ ግን እጁን አውጣ ብል ክፍሉ ጸጥ ይላል። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ካልቀናን በስተቀር አናገኘውም።

ግን ራሳችን ማሳተም እንችላለን። በቅጂ መብት አዋጁ፣ በ410/1996፣ ጥበቃው ደራሲው በሕይወት ያሉበት ዘመንና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ነው። ኅሩይ ያረፉት በ1931 መስከረም ላይ ነው። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ቤተሰቡን ማማከር ግን ወግ ነው፤ እሱ በማመልከቻው ይግባ።

ሒሳብ ያዥ፦ ስንቱን ልናሳትም ነው? ሁሉንም ካላችሁ ከአሁኑ ሥልጣኔን ለቅቄያለሁ።

መምህር፦ አንድ። «አዲስ ዓለም»። በ1925 የወጣ አጭር ልብ ወለድ ነው። ፓሪስ ተምሮ የመጣ ወጣት ከዘመዶቹ ጋር በልማድ ጉዳይ ይጋጫል። ዛሬ ከውጭ የመጣ የአክስታችሁን ልጅ አስቡት፤ ያው ነው። ደግሞ «አዲስ ዓለም»ን ዓለም ከተማ ላይ መሸጥ ራሱ ማስታወቂያ ነው።

ጋሼ፦ ልጆቼ፣ እኔም አንድ ነገር ልበል። ቀዬው ላይ ያረጀ ወይራ አለ። ከእሱ ከዘራ ተቀርጾ «ኅሩይ ጥላው ሥር ያደጉበት ዛፍ» ተብሎ ቢሸጥ ገንዘብ ያመጣል።

መምህር፦ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝና ይህቺን እፈራታለሁ። እንግሊዝ አገር ስትራትፎርድ ውስጥ ሼክስፒር ተከለው የሚባል የእንጆሪ ዛፍ ነበር። የቤቱ አዲስ ባለቤት፣ ቄስ ናቸው፣ በጎብኚ ብዛት ተማርረው በ1756 እ.ኤ.አ. አስቆረጡት። አንድ ሰዓት ሠሪ ግንዱን ገዛና ሣጥን፣ ማስታወሻ፣ ምኑን ቅጡ እየቀረጸ ለዓመታት ቸበቸበ። በኋላ ሰዉ መጠርጠር ጀመረ። አንድ ዛፍ ይህን ሁሉ ዕቃ ከየት አመጣው? የእኛም ወይራ እንደዚያው እንዳይሆን። አንዴ ከተዋሸ መጽሐፉንም የሚያምነን የለም።

ጋሼ፦ ተረታሁ። ወይራውም ይትረፍ።

ጸሐፊ፦ በዚሁ አጋጣሚ «የኅሩይ ቤት» የሚለውን ከረቂቁ አውጥቼዋለሁ። ክፍሉ ቤታቸው አይደለም። ነፍሳቸው የወጣችበት ቤት እንኳ ያለው እንግሊዝ አገር ነው። ባዝ ከተማ፣ ጃንሆይ በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ። አጽማቸው በኋላ መጥቶ ቅድስት ሥላሴ አረፈ። እኛ «መታሰቢያ ክፍል» ብለን ብንጽፍ ማንም አይከሰንም።

ሒሳብ ያዥ፦ ጎብኚውስ? ከአዲስ አበባ በሙከጡሪና በለሚ አድርጎ፣ የጀማን ቁልቁለት ወርዶ ዳገቱን ወጥቶ ማን ይመጣል? ደብረ ብርሃን ቢሆን መንገደኛ አለ።

ከናይሮቢ የተመለሰችው አባል፦ ክፍሉ ዓለም ከተማ ይሁን፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ አንድ መደርደሪያ እንለምን። በነገራችን ላይ ወደ ጀማ ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት የሚመጣ ሰው አለ። ትንሽ ቢቀጥል ምን አለበት?

ጋሼ፦ ልጆቼ፣ ሌላ መጣልኝ። የጥንቱ መጽሐፍ ማኅደር ነበረው። ከቆዳ የተሰፋ፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል። ኅሩይም የጃፓን ጉዟቸውን የጻፉበትን መጽሐፍ «ማኅደረ ብርሃን» ብለውታል። መጽሐፉን ከትንሽ የቆዳ ማኅደር ጋር ብንሸጠውስ? ዕልባቱ ደግሞ ከመንዝ ሱፍ ይሁን።

ሒሳብ ያዥ፦ ይኼን እፈርማለሁ።

ጸሐፊ፦ ጽፌዋለሁ፦ አንድ ክፍል፣ አንድ መደርደሪያ፣ «አዲስ ዓለም» ከማኅደርና ከዕልባት ጋር። ለቤተሰቡ ደብዳቤ መምህር ያዘጋጃሉ። የማተሚያ ዋጋ ከሦስት ቦታ ሒሳብ ያዥ ይጠይቅ፤ ቲሸርቱን ካተመልን ሌላ ይሁን። የቀረ ካለ እስከ ዓርብ።

ጋሼ፦ አንድ ቆዳ ሠሪ አውቃለሁ፣ ለናሙና ሁለት ይሰፋልናል። የመጽሐፉን ቁመትና ወርድ ላኩልኝ። ቀድሞ ሰፍቶ መጽሐፉ አልገባ እንዳይል።

ጸሐፊ፦ ቁመቱ 21፣ ወርዱ 14 ሴንቲ ሜትር። ውፍረቱን ማተሚያ ቤቱ ሲነግረን እደውልልዎታለሁ፤ እስከዚያ መቀሱ ይቆይ።